ታብሌቱ ከመታደሉ በፊት፦ ለቦርድ አባላት የአጠቃቀም ደንብ እንዴት ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴ ናይጄል ሚልስ ስለ ጡረታ በሚመክር የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው በአይፓዳቸው ካንዲ ክራሽ ሲጫወቱ ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ። የሚያስገርመው፣ የምክር ቤቱ አስተዳደር ማጣራት የጀመረው ፎቶው በማንና እንዴት እንደተነሣ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ሴናተር ጆን ማኬይን በሶርያ ላይ ስለሚወሰድ ወታደራዊ ርምጃ በሚመከርበት ስብሰባ መካከል በስልካቸው ፖከር ሲጫወቱ ታይተዋል።

ስለ ታብሌት ደንብ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ይህን ዓይነቱን ነውር ነው። ጨዋታ ግን ቀላሉ ጥፋት ነው፤ ቢያንስ በዓይን ይታያል። ከባዱ የማይታየው ነው። ውይይቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ይገባል፤ አባላቱ ማታ በቴሌግራም ተስማምተው ያድራሉ፤ ጠዋት የሚካሄደው ስብሰባ ለፊርማ ብቻ ይቀራል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ቦርዱ በሰፊው ከተወያየ በኋላ» ተብሎ ይጻፋል። የት እንደተወያየ ግን ማንም አያውቅም።

በመንግሥት የልማት ድርጅት፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ የሕዝብ ተቋም ቦርድ ውስጥ «ደንቡን አርቅቀህ አምጣ» የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቦርዱ ጸሐፊ ወይም የሕግ ክፍሉ ባለሙያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለእሱ ነው።

ደንቡ ከግዢው ይቅደም

በብዙ መሥሪያ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሰኔ ሲደርስ ታብሌት ይገዛል፣ በሐምሌ ይታደላል፤ ደንብ የሚታሰበው አንዱ ሲጠፋ ነው። ኢትዮጵያ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ገዝታ፣ ቆጠራው ግን በ2011 ዓ.ም. እንደገና መራዘሙ ይታወሳል። የዚያ ምክንያቱ ሌላና ትልቅ ነው፤ ሆኖም ዕቃ ቀድሞ ሥራ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የቦርድ ታብሌት ቁጥሩ ከደርዘን ላያልፍ ይችላል። የሚይዘው ምስጢር ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ ከግዢ ጥያቄው በፊት ለሦስት ጥያቄዎች በግማሽ ገጽ መልስ ይጻፉ። ዕቃው የማን ነው? ለምን ሥራ ነው? በውስጡ የሚከማቸው ነገርስ የማን ነው? የመጀመሪያው መልስ ግልጽ ነው፤ የተቋሙ ንብረት ነው። ሁለተኛው አጭር ይሁን፦ የስብሰባ ሰነድ ለማንበብ፣ ማስታወሻ ለመያዝ፣ ከጸሐፊው ጋር ለመጻጻፍ። ብዙ ረቂቅ የሚዘለው ሦስተኛውን ነው። ሥራን የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ፣ ኢሜይልና መልእክት የተቋሙ መዝገብ መሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀመጥ አለበት።

«እኔ የራሴ አይፓድ አለኝ፤ ለምን የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል?» የሚል አባል አይጠፋም። ቅንነቱ ጥሩ ነው፤ ሐሳቡን ግን ባይቀበሉት ይሻላል። በካሊፎርኒያዋ የሳን ሆዜ ከተማ አንድ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ መሐል ከተማ መልሶ ማልማት የከተማው ሹማምንት የተጻጻፉትን ሁሉ እንዲሰጠው ጠየቀ። ከተማዋ በግል ስልክና በግል ኢሜይል የተላኩት አይመለከቱኝም ብላ ተከራከረች። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 2017 ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የተመለከተው መልእክቱ ስለ ሕዝብ ሥራ መሆን አለመሆኑን ነው። የሕዝብ ሥራን የሚመለከት ከሆነ በግል መሣሪያ ስለተላከ ብቻ ከሕጉ አያመልጥም አለ። የራሱን መሣሪያ የሚጠቀም አባል ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን የቤተሰቡ ፎቶና የቦርዱ ሰነድ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥም የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጎች ከመንግሥት አካላት መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በመንግሥት የተያዙና የሚደገፉ ድርጅቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ተቋሙ ለጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ አፈጻጸሙንም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይከታተላል። አዋጁ በምስጢር የሚጠበቁ ነገሮችን ለይቷል። ሆኖም «ሰነዱ ምስጢር ነው» ማለትና «ሰነዱ በማን ታብሌት ላይ እንዳለ አናውቅም» ማለት ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ሁለተኛው ያሳፍራል።

ሰነዱ ለስክሪን ይዘጋጅ

ይህ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ የወረቀት አልባ ስብሰባ ሙከራ የወደቀበት ጉዳይ ነው። አሁንም በየመሥሪያ ቤቱ በድሮው የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር፣ ማለትም ዩኒኮድ ባልሆነው፣ የሚጻፉ ደብዳቤዎች አሉ። ፋይሉ እንዳለ ታብሌት ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የተከበሩ የቦርድ ሰብሳቢ ያንን አንድ ጊዜ ካዩ «ወረቀቱን አምጡልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

ደንቡ እንግዲህ አባላቱን ብቻ ሳይሆን ሰነድ አቅራቢውን የሥራ ክፍልም ይዘዝ። ሰነድ በዩኒኮድ ይጻፍ፣ በፒዲኤፍ ይላክ፣ ገጹ ከመጀመሪያው አጀንዳ እስከ መጨረሻው ተከታታይ ቁጥር ይኑረው። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ስካን የሚደረገው ማኅተምና ፊርማ ያለበት አባሪ ብቻ ይሁን። የሚላክበት ቀንም ይወሰን። የካሊፎርኒያ ሕግ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያስገድዳል፤ ሦስት ቀን ለኢትዮጵያ ቦርድም መጥፎ መነሻ አይደለም። በተግባር ደግሞ ብዙ አባላት ዋና ሥራቸው ሌላ ስለሆነና አንዳንዶቹ ከአንድ በላይ ቦርድ ላይ ስለሚቀመጡ፣ አምስት ቀን ቢሆን ይመረጣል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ስብሰባው እንዳይበተን ሰነዱ አስቀድሞ ታብሌቱ ላይ የሚወርድ ይሁን፤ ሁለት የወረቀት ቅጂም ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ።

ርክክቡ በፊርማ፣ ቁልፉ በግል

ታብሌቱ እንደማንኛውም ቋሚ ዕቃ በሞዴል 22 ይውጣ፤ መለያ ቁጥሩ፣ የቻርጀሩና የሽፋኑ ሁኔታ ይመዝገብ። ከዚያ ጋር አባሉ ደንቡን አንብቦ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ይያያዝ። ለማንኛውም ሰው ታብሌት ያለዚህ ገጽ አይሰጥ። ለሰብሳቢውም ቢሆን፣ በተለይ ለሰብሳቢው፤ እሳቸው ቀድመው ከፈረሙ ሌላው ለመፈረም አያንገራግርም።

የይለፍ ቁጥሩ ባለ ስድስት አኃዝ ይሁን። ባለ አራት አኃዝ አሥር ሺህ አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ ባለ ስድስቱ አንድ ሚሊዮን። ከዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው ግን ቁጥሩን ማን ያውቃል የሚለው ነው። ሥራ የሚበዛበት ኃላፊ ታብሌቱን ለቢሮ ጸሐፊዋ ሰጥቶ «አይተሽ አስፈላጊውን ንገሪኝ» ይላል። ሾፌሩ ቦርሳውን ይይዛል። ቤት ሲገባ ደግሞ ታብሌት የልጆች ነው። ማንንም በክፋት መጠርጠር አያስፈልግም፤ የልጅ ጣት አንድ የጨረታ ሰነድ ለቤተሰቡ ግሩፕ ለመላክ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ደንቡ «የይለፍ ቁጥሩን ከአባሉ በቀር ማንም አያውቅም፤ ረዳት ሰነድ ማየት ካለበት በራሱ ስምና ፈቃድ በጸሐፊው በኩል ያገኛል» ብሎ በር ይክፈት። እንዲህ ያለ መውጫ ሳያበጁ መከልከል ሰውን እንዲዋሽ ማስገደድ ነው።

የትኛው መተግበሪያ እንደሚጫንም ይወሰን። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023፣ የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በማርች ቲክቶክን ከመንግሥት መሣሪያዎች አግደዋል። አንድ ቦርድ ስለ ቲክቶክ ፖለቲካ አቋም መያዝ አይጠበቅበትም። «ጸሐፊው ከጫነው በቀር አይጫንም» የሚለው አጭር መስመር ይበቃል። ቻትጂፒቲና መሰሎቹም ከዚህ ውስጥ ይግቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን የፕሮግራም ኮድ ለቻትጂፒቲ ከሰጡ በኋላ ኩባንያው አጠቃቀሙን ለመከልከል ተገዷል። ስልሳ ገጽ የኦዲት ሪፖርት የደረሰው አባል «አሳጥረህ ንገረኝ» ማለት ያጓጓዋል። የሚፈቀድ ከሆነ በየትኛው ሰነድ ላይ እንደሚፈቀድ ቦርዱ አስቀድሞ ይወስን።

በስብሰባው ሰዓት

እዚህ ላይ ረጅም ደንብ አያስፈልግም። ድምፁ ይጥፋ፤ ከአጀንዳው ሰነድ በቀር ሌላ ነገር አይከፈት፤ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ወጥቶ ያነጋግር። ድምፅና ምስል የሚቀዳው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ እሱም ለቃለ ጉባኤ ዝግጅት። አባላት በስብሰባው ላይ እርስ በርስም ሆነ ከውጭ ሰው ጋር ስለ አጀንዳው መልእክት አይለዋወጡ። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ግዢ ሲጸድቅ አንድ አባል ወደ ስክሪኑ አቀርቅሮ ከቆየ፣ ከአቅራቢው ጋር እየተጻጻፈ አለመሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የጥቅም ግጭት አለኝ ብሎ ከክፍሉ የወጣ አባልም ታብሌቱን ይዞ ወጥቶ ከደጅ ሐሳብ መላክ የለበትም።

ከስብሰባ እስከ ስብሰባ

የደንቡ ልብ ይህ ነው፤ ረቂቅ አዘጋጁም አብዛኛውን ጊዜውን እዚህ ላይ ቢያጠፋ አይቆጨውም።

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ብራውን አክት የተባለውን ሕግ ሲያወጡ ታብሌት ቀርቶ ኮምፒውተርም በየቢሮው አልነበረም። መነሻው ጋዜጦች ያጋለጡት የአካባቢ ምክር ቤቶች የድብብቆሽ ስብሰባ ነበር። ሕጉ ዛሬ ከአባላቱ አብላጫው ከስብሰባ ውጭ፣ በቀጥታም ይሁን በአማላጅ፣ በተከታታይ መልእክት ስለ ቦርዱ ጉዳይ እንዳይወያይ ይከለክላል። ሀ ለለ ቢነግር፣ ለ ለሐ ቢያስተላልፍ፣ ሦስቱ በአንድ ክፍል ባይገናኙም እንደተሰበሰቡ ይቆጠራል። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ከዚህም አልፎ አንድ አባል የሌላው አባል የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ላይ በቦርዱ ጉዳይ መልስ እንዳይሰጥ ከለከለ። የአውራ ጣት ምልክት መለጠፍም እንደ መልስ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ የልማት ድርጅት ቦርዶች እንደ ካሊፎርኒያዎቹ በራቸውን ለሕዝብ ከፍተው አይሰበሰቡም፤ ሕጉን እንዳለ መቅዳትም አያስኬድም። አመክንዮው ግን ይሠራል። ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው ነገር የተደነገገው ሰዎች ተያይተው፣ የተቃዋሚውን ሐሳብ ሰምተው እንዲወስኑ ነው። በግሩፕ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ሰብሳቢው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «በዚህ የምንስማማ ይመስለኛል» ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ሰው ወዲያው አውራ ጣት ይለጥፋል። አራተኛው ጥያቄ ነበረው፤ ግን ሰብሳቢው ክቡር ሚኒስትር ናቸው፣ ሌሎቹም ተስማምተዋል፤ ዝም ይላል። የሠራተኛው ተወካይ ሰነዱን ገና አልከፈተውም። በአዋጅ ቁጥር 25/1984 በተቋቋሙ ድርጅቶች ሠራተኞች የቦርድ አባላትን በከፊል እንዲመርጡ የተደረገው ድምፃቸው በጠረጴዛ ዙሪያ እንዲሰማ ነበር።

ቴሌግራም ራሱም የምስጢር ሣጥን አይደለም። ከሁለቱ ወገን በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው የሁለት ሰው ንግግር ብቻ ነው፤ ግሩፕ እንዲያ አይቆለፍም። ፎርዋርድ የተደረገ ፋይል ደግሞ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ማንም አይቆጣጠረውም።

ለመነሻ የሚሆን አንቀጽ ይኸውና፦ «የቦርድ አባላት በአጀንዳ በተያዘ ወይም ሊያዝ በሚችል ጉዳይ ላይ በኢሜይል፣ በግሩፕ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት አይወያዩም፣ አቋም አያሰባስቡም፣ ውሳኔ አያሳልፉም። ጸሐፊው የስብሰባ ጥሪና ሰነድ ለሁሉም ይልካል፤ አባላት መልስና ጥያቄ ለጸሐፊው ብቻ ይልካሉ።» አንድ አባል የጠየቀውን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ ጸሐፊው ሰብስቦ ከስብሰባው ሰነድ ጋር ለሁሉም ያካፍል።

አስቸኳይ ጉዳይ ሲመጣስ? ይመጣል። መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ፣ ባንክ መልስ እየጠበቀ ቦርዱ ሳምንት ይጠብቅ አይባልም። መፍትሔው የቪዲዮ አስቸኳይ ስብሰባ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤው ተቆጥሮ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ። የተቋሙ ማቋቋሚያ ሕግ በጽሑፍ ተዘዋዋሪ ውሳኔን የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሁሉም አባል ያንኑ ሰነድ አይቶ ድምፁን ለጸሐፊው ይልካል፤ ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ታብሌት ላይ በጣት የተሞነጫጨረ ፊርማ ሁሉ ግን በዚያው ልክ ይጸናል ማለት አይደለም፤ ይህን የሕግ ክፍሉ አይቶ ይወስን።

ማስታወሻ፣ መሰረዝና መጥፋት

አባል ሰነዱ ጠርዝ ላይ የሚጽፋት ማስታወሻ ቃለ ጉባኤ አይደለችም። ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ የስብሰባው ፋይል ከታብሌቶች ላይ ይነሣ፤ ዋናው ቅጂ በጸሐፊው ማኅደር ይቀመጥ። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን በደማቁ ይጻፍ፦ ኦዲት፣ የፍርድ ቤት ክርክር ወይም የመረጃ ጥያቄ በተጀመረበት ጉዳይ ምንም ነገር አይሰረዝም። ከጥያቄው በኋላ የተሰረዘ ፋይል፣ ውስጡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ማንንም አያሳምንም።

ታብሌት ሲጠፋ አባሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለፖሊስ ሳይሆን ለጸሐፊው ይሁን፤ በዚያው ቀን፣ እሑድም ቢሆን። ከርቀት መቆለፍና ማጥፋት የሚቻለው መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ብቻ ስለሆነ ትእዛዙ ቶሎ መሰጠት አለበት። ደንቡ በቶሎ የተናገረውን አይቅጣ፤ ዘግይቶ የተናገረው ይጠየቅ። ሰው ቅጣት ከፈራ «ቤት ረስቼው ይሆናል» እያለ ሳምንት ይፈጃል። ሰነዱ ውስጥ የሠራተኞች ወይም የደንበኞች የግል መረጃ ካለ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጥለው ግዴታ አለ፤ የሕግ ክፍሉ ያን ቀን ሊጠራ ይገባል።

ከቢሮ ውጭ ስለሚገኝ ዋይፋይም አንድ መስመር ይግባ። የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ይቅር፤ ታብሌቱ የራሱ ሲም ይኑረው። ሕንጻው የራስ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 አዲስ አበባ ከሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንግሃይ ይተላለፍ እንደነበር ዘግቧል፤ ቻይና ዘገባውን አስተባብላለች።

የሥራ ዘመን ሲያበቃ

ታብሌቱ በክሊራንስ ይመለሳል። ቸል የሚባለው ነገር አባሉ ከራሱ አካውንት መውጣቱ ነው። የአፕልም ሆነ የአንድሮይድ መሣሪያ በቀድሞው ተጠቃሚ አካውንት እንደተያዘ ከተመለሰ፣ ተጠርጎ ሲከፈት ያንኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አባሉ አገር ለቆ ከሄደ ዕቃው ቁራጭ መስታወት ሆኖ ይቀራል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በተቋሙ አካውንት ማስከፈት ይህን ሁሉ ያስቀራል። «ለትዝታ ይያዙት» የሚባል ስጦታ የለም፤ የመንግሥት ንብረት የሚወገድበት ሥርዓት አለው።

ማን ያጸድቀዋል? ማንስ ያስከብረዋል?

ደንቡን የአይቲ ክፍሉ በሰርኩላር ካወጣው የሚታዘዘው የለም። ወጣት የአይቲ ባለሙያ ለሚኒስትር ዴኤታ «ክቡርነትዎ፣ ይህ መተግበሪያ አይፈቀድም» ማለት አይችልም፤ እንዲልም አይፈረድበት። ስለዚህ ቦርዱ ራሱ በአጀንዳ አስይዞ፣ ተወያይቶ፣ በቃለ ጉባኤ ያጽድቀው። ያኔ ጸሐፊው «እኔ አይደለሁም፣ ራሳችሁ የወሰናችሁት ነው» የሚልበት ወረቀት ያገኛል። ጥሰት ሲኖር መጀመሪያ ሰብሳቢው ለብቻ ያነጋግራል፤ ሲደገም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ምስጢር ከወጣ አባሉን ለሾመው አካል ይጻፋል። አጥፊው ሰብሳቢው ከሆነስ? ይህም ከአሁኑ ይጻፍ፤ ምክትሉ ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ይይዘዋል።

ረቂቁ ከሁለት ገጽ ካለፈ ያሳጥሩት። የቦርድ አባል ሦስተኛውን ገጽ አያነብም። ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ያስይዙት፤ በዓመት አንድ ጊዜም እንደገና የሚታይበትን ወር እዚያው ላይ ይጻፉ። እስከዚያ ድረስ ታብሌቶቹ ከግምጃ ቤት አይውጡ።